የሰዓት ሠሪው የልብ ቆጠራ

በዚያ ሰሞን ሰዓት ሠሪው ያልተቆጣው ፍጥረት ቢኖር የቤቱ ድመት ብቻ ነበረች፤ እሷም የዳነችው ቀኑን ሙሉ ተኝታ ስለምትውል ነው። የክሊኒኩን ሐኪም ተቆጥቷል። የማዘጋጃ ቤቱን የጥገና ኃላፊ ተቆጥቷል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውንማ ተዉት፤ የእሱ ነገር ከተነሳ የጎረሰው አይወርድለትም። ሚስቱን ደግሞ ምንም ሳታደርገው፣ "ዛሬስ እንዴት ነህ?" ብላ በመጠየቋ ብቻ ይቆጣታል። እንዴት ይሆናል? ቁልፉን የተቀማ ሰው እንዴት ይሆናል?

የሠፈሩ ሰው "ደቂቃ" ይለዋል። ስሙን ያወጣለት አንድ ቀልደኛ ነው፤ "ቁመቱ ከሴኮንድ ቢበልጥ እንጂ ሰዓት አይሞላም" ብሎ። ሰውዬው ግን ስሙን አልጠላውም። በዕድሜው ሙሉ ለቀጠሮ አንድ ደቂቃ አርፍዶ አያውቅም፤ ያረፈደበትንም ይቅር ብሎ አያውቅም። ለገዛ ሠርጉ ሙሽራዋ ሩብ ሰዓት ዘግይታበት፣ ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያነሳባታል።

ቀን ቀን ከሰዓቱ ማማ ሥር፣ በር ከምታህል ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሰው ሰዓት ይጠግናል። እንጀራው ከዚያ ነው። የሚኖረው ግን ለሌላው ሥራው ነው። ማማው ላይ ያለው ትልቁ ሰዓት ከአያቶች ዘመን የቀረ፣ በተንጠለጠለ ክብደት የሚሄድ ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ሰው ወጥቶ በእጅ መዘውር ካልሞላው ይቆማል። ደረጃው መቶ አሥራ ሁለት ነው። ደቂቃ ሠላሳ አንድ ዓመት ወጥቶታል፤ ሞልቶታል፣ ዘይት ቀብቶታል፣ ድምፁ ሲለወጥ ከሕዝቡ ሁሉ ቀድሞ ሰምቶታል። ሌላ ሰው ወደ ላይ አስወጥቶ አያውቅም። ሚስቱ እንኳ "አንድ ቀን አሳየኝ" ብላ ብላ ደክሟት ትታዋለች። "እዚያ የሰው እግር አቧራ ያመጣል" ነበር መልሱ።

ከዚያ አንድ ዓርብ ሰማንያኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ደረቱን ጭምድድ አደረገው። ዓይኑ ጨለመበት። የደረጃውን ብረት እንደያዘ ተቀመጠ፣ መነሳትም አቃተው። የማማው ዘበኛ ደግፎ አወረደው፤ ሚስቱ የዳቦ ቤት ሽርጧን ሳትፈታ እየሮጠች መጥታ ክሊኒክ ወሰደችው።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ወጣት ናት። መረመረችው፣ ሽቦ ለጠፈችበት፣ ወረቀቱን አየች። "ጋሼ፣ ልብዎ አልታመመም። ሰንፏል ነው የምልዎት" አለችው።

"ሰንፏል?" አለ ደቂቃ። በሕይወቱ ማንም ሰነፍ ብሎት አያውቅም፤ ልቡም ቢሆን የእሱ ነው።

"አርባ ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሳምንት ሁለት ቀን በድንገት ማማ ይወጣሉ። ልብ እንዲህ አይሠራም። ቀስ እያሉ ቤትዎ ውስጥ ያለማምዱት። ስምንት ሳምንት። ከዚያ እኔው እዚሁ ደረጃ አስወጥቼ እፈትንዎታለሁ።"

ማዘጋጃ ቤቱ ግን ይህን አልጠበቀም። በማግስቱ የጥገና ኃላፊው ጠርቶት፣ ፈገግ እያለ፣ የማማውን በር ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ እንዲያኖር ነገረው። "ለጤናዎ አስበን ነው" አለው። ለጊዜው የማዘጋጃ ቤቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሞላዋል። በስምንት ሳምንት ውስጥ "ለመውጣት ብቁ ነው" የሚል የሐኪም ወረቀት ከመጣ መልካም፤ ካልመጣ ግን አሮጌው ብረት ወርዶ ሞተር ይገጠማል። በጀቱ ተይዟል። ማንም አይወጣም፣ ማንም አይሞላም።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ደቂቃ የዚያን ቀን ሁለቱም ሲነቀነቁ አየ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ጠርዙን ጨብጦ ቀረ፤ ኃላፊው ከእርጅና መስሎት ወንበር ሳበለት። ከንዴት ነበር።

ሐኪሟ የሰጠችው ወረቀት አንድ ገጽ ነው። መጀመሪያ ሲያየው ሊቀደው ነበር፤ ቁጥር ሲያይበት ግን ተወው። ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ዕድሜዎን ይቀንሱ ይላል። ስልሳ ሁለት ሲቀነስ መቶ ሃምሳ ስምንት። የዚያን ስልሳ በመቶ ያውጡ፣ ዘጠና አምስት፤ ሰባ አምስት በመቶውን ያውጡ፣ መቶ አሥራ ስምንት። ሲንቀሳቀሱ የልብዎ ምት በደቂቃ በነዚህ በሁለቱ መካከል ይሁን። ከታች ከሆነ ይፍጠኑ፣ ከላይ ከሆነ ያዝግሙ። ከመቶ ሠላሳ ካለፈ ይቀመጡ። ቁጭ ብለው አርፈውም ከመቶ በላይ ከሆነ አይጀምሩ፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እኔ ይምጡ። ይህ የመጨረሻው መስመር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

"ይቺ ልጅ ሳታውቀው ሰዓት ሠሪ ናት" አለ ለሚስቱ፤ የዚያ ሳምንት ብቸኛ ደግ ቃሉ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልጣመውም። ሐኪሟ አንጓው ላይ ሁለት ጣቷን አኑራ፣ "እንዲህ ይዘው ሠላሳ ሴኮንድ ይቆጥሩና በሁለት ያባዙ" ብላው ነበር። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ሙሉ ደቂቃ ነው ማለት! እንዲህ የሚያደርግ ሠልጣኝ ከሱቁ በርጩማ ላይ አይውልም ነበር።

የአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በማስመሪያ እያሰመረ ዕቅዱን ጻፈ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ መሀሉ ላይ አሥራ አንድ እርምጃ የሚሆን ኮሪደር አለ፤ የጓሮው በር ላይ አንድ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። አምስት ደቂቃ ኮሪደሩን መመላለስ። አሥር ደቂቃ ደረጃዋን መውጣትና መውረድ። አምስት ደቂቃ እያዘገሙ መብረድ። በየሁለት ሳምንቱ አምስት ደቂቃ መጨመር። ከፊት፣ ከመሀልና ከኋላ የልብ ምት የሚጻፍባት ዓምድ አበጀ። ሚስቱ አይታ "ውይ ሲያምር!" አለችና በማግስቱ ላስቲክ ጫማ ገዝታለት መጣች። ሶሉ ነጭ ነው።

ሰኞ ጧት እሷ ወደ ዳቦ ቤት እንደሄደች ጫማውን አሰረ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ አንጓውን ያዘ። ምንም የለም። አርባ ዓመት በሞረድና በሰዓት ጥርስ የደነደነ ጣት ምኑን ይሰማል? ተናደደ። ከዚያ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄዶ ላስቲክ ቱቦውን አወጣ። ሣጥኑ ያልተከፈተ የግድግዳ ሰዓት ሲያመጡለት የሚያዳምጥበት ነው፤ ባንድ በኩል እንደ ጥሩምባ የሰፋ ትንሽ አፍ አለው፣ ሌላው ጫፍ ጆሮ ውስጥ ይገባል። አፉን ከግራ ጡቱ በታች ለጠፈው።

ሰማው። ድ-ድም፣ ድ-ድም። ንዴቱ ሁሉ ለአፍታ ጠፋ። ስልሳ ሁለት ዓመት ያለ ዘይት የሄደ ነገር! የኪስ ሰዓቱን ፊቱ አድርጎ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረ፣ እንደ ሥራው ወግ፣ አንድ ድምፅ ሳያስቀር።

መቶ አርባ ስምንት።

ደግሞ ቆጠረ። መቶ አርባ ስድስት። ውሃ ጠጥቶ ቆየና ቆጠረ። መቶ አርባ ስምንት። ቁጭ ብሎ ነው እንግዲህ፤ ከወንበሩ አልተነሳም። ሐኪሟ ያን ቀን "ሰባ አራት፣ ጥሩ ነው" ብላው ነበር። ሰባ አራት? እርሳስ አንስቶ አባዛው። ሰባ አራት በሁለት መቶ አርባ ስምንት። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየው፦ ሠላሳ ሴኮንድ ቆጥራ ማባዛቱን ረስታዋለች!

የዚያን ጧት የነደደውን ንዴት ኮሪደሩ ያውቀዋል። ይህቺ በሁለት ማባዛት ያቃታት ልጅ ናት "ሰንፏል" የምትለው? ሊሄድ፣ ወረቀቷን ፊቷ ላይ ሊወረውር ኮቱን አነሳ። ከዚያ እጁ በሩ ላይ ቆመ። ሄዶ ቢነግራት ስህተቷን ታርማለች። ስህተቷን ካረመች ይተኙ ትለዋለች፣ ወረቀት የለም፣ ቁልፍ የለም፣ ሞተሩ ይገጠማል። ኮቱን መልሶ ሰቀለ። ለሚስቱም አልነገረም። የምታውቀው ነገር ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪሟ ዘንድ ይደርሳል።

ልብ በሉ፣ ሰውዬው እሞታለሁ ብሎ አምኗል። አምኖም ዝም አለ።

አምስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ጧት ጧት ቱቦውን ይለጥፋል፤ መቶ አርባ አራት፣ መቶ ሃምሳ፣ መቶ አርባ ስምንት። "ከመቶ በላይ ከሆነ አይጀምሩ" ይላል ወረቀቱ። አይጀምርም። ልቡን ለማሳረፍ ይተኛል፤ ተኝቶ ይቆጥራል፤ በተናደደ ቁጥር ደግሞ ይጨምርበታል፣ በጨመረበት ቁጥር ይናደዳል። ከሰዓት በኋላ በቀን መቁጠሪያው ዓምድ ውስጥ መቶ አምስት፣ መቶ አሥር እያለ የውሸት ቁጥር ይሞላል። በሕይወቱ የዋሸው ቁጥር ያ ብቻ ነው። ሚስቱ ማታ እያየች "ጎሽ!" ትለዋለች፤ እሱም ለምን ጎሽ አልሽኝ ብሎ ይቆጣታል።

ከዚህ ሁሉ ላይ የማማው ሰዓት መዘግየት ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ደቂቃ፣ በአራተኛው ሦስት፣ በአምስተኛው አራት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይወጣል፣ ይሞላል፣ ይወርዳል፤ ማስተካከል የሚባል ነገር አልነገሩትም፣ እሱም አልጠየቀም። ደወሉ በተደወለ ቁጥር ደቂቃ የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ ያያል፣ ፊቱም ይቀላል። አንድ ቀን አልቻለም። በቀትር ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ሚስቱ ባንኮኒው ኋላ ቆማ፣ ዳቦ ገዢው ሁሉ ተሰልፎ ሳለ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ከሰልፉ መሀል አገኘው።

"አንተ! አራት ደቂቃ!" አለው። "መቁጠር የማይችል ሰው ሰዓት አይነካም! ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ቁልፉ እጄ በገባ ዕለት ያ ደወል አንዲት ደቂቃ ቢዘገይ እኔ ሰው አይደለሁም!"

"ጋሼ፣ እኔ ደረጃውን ራሱ አልወደውም" አለ ሰውዬው ዳቦውን እንዳቀፈ። ሰልፈኛው ሳቀ። ሚስቱ አልሳቀችም። ባሏ ቆሞ ሲያለከልክ ዓይኗ እግሩ ላይ አረፈ፤ የላስቲክ ጫማው ሶል፣ ከአምስት ሳምንት ስፖርት በኋላ፣ እንደ ተገዛበት ቀን ነጭ ነበር።

በማግስቱ ጧት የዳቦ ቤቱን ባለቤት "ቤቴ የተበላሸ ነገር አለ" ብላ አስፈቅዳ ተመለሰች። በሩን በቀስታ ከፈተች። ባሏ ጫማውን እንዳደረገ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ ቱቦው ከደረቱ እስከ ጆሮው ተዘርግቷል፤ ከንፈሩ ይቆጥራል። ከጎኑ የሱቁ ደብተር ተከፍቷል፣ አምስት ሳምንት ሙሉ የተጻፈ እውነተኛው ቁጥር። መቶ አርባ ስምንት። መቶ ሃምሳ። መቶ ሃምሳ ሁለት።

የዳቦ ቤቷ ሴት ቁጥር ማንበብ አቅቷት አያውቅም። የሐኪሟንም ወረቀት ከእሱ በላይ በቃሏ ታውቀዋለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ምንም አይደለም።"

"መቶ ሃምሳ ሁለት ምንም አይደለም? እጅህን አምጣ!"

"አልሰጥም። ተይኝ!"

"እጅህን አምጣ ብያለሁ!" ድምፅዋ ድመቷን ከአልጋው ሥር አስወጣት። እጁን ሰጣት። የኪስ ሰዓቱን ከእጁ ነጥቃ፣ ሐኪሟ እንዳሳየቻት ሁለት ጣቷን አንጓው ላይ አኑራ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆጠረች። "ሰባ ስድስት" አለች።

"ይኸው!" አለ ደቂቃ ብድግ ብሎ። "አንቺም እንደሷ ማባዛቱን ረሳሽ!"

"ምን አባዛለሁ? ሙሉ ደቂቃ ነው የቆጠርኩት።"

"አይሆንም። እየዘለልሽ ነው።"

"እኔ ነኝ የምዘለው? ና፣ አብረን እንቁጠር። ቱቦህን አድርግ፤ አንተ የሰማኸውን ያህል ጠረጴዛውን ምታ፣ እኔም እመታለሁ።"

እሷ በግራ እጇ አንጓውን ይዛ በቀኟ መታች። እሱ ቱቦውን አድርጎ መታ። እሷ አንድ፣ እሱ ሁለት። እሷ አንድ፣ እሱ ሁለት። ብዙም አልሄዱም። ሚስቱ እጇን አነሳች። "ለምንድን ነው ሁለት ጊዜ የምትመታው?"

"ሁለት ድምፅ ነዋ ያለው። ቲክ አንድ፣ ታክ ሁለት። በሰዓት ሥራ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ቲኩን ብቻ የሚቆጥር..." ብሎ ቆመ።

አንዱ የልብ ምት ሁለት ድምፅ አለው። ይህን የማያውቅ ሰው በአንጓው ይቆጥርና ይድናል፤ የሚያዳምጥ ሐኪምም ያውቀዋል። ጆሮው እንደ ሐኪም፣ ልማዱ እንደ ሰዓት ሠሪ የሆነ ሰው ብቻ ነው በዓለም ላይ እንዲህ ሊሳሳት የሚችል፤ እሱም እዚያ አልጋ ላይ፣ ቱቦውን ከጆሮው ሳያወጣ፣ ተቀምጧል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ትናንት ዳቦ ቤት ውስጥ "መቁጠር የማይችል ሰው" ያለው ድምፁ ተመልሶ መጣበት። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። ደብተሩን አንስቶ ግድግዳው ላይ ወረወረው።

"ተወው፣ ደብተሩ ምን አደረገ?" አለች ሚስቱ፤ ሳቀች። ከጭንቀቱ ብዛት የመጣ ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ፣ ነገሩን ያን ጊዜ ነው ያሰበችው።

"ቆይ" አለች። "አንተ ግን እውነት መስሎህ ነበር።"

ቱቦውን ከጆሮው አወጣ።

"አምስት ሳምንት ሙሉ ልትሞት እንደሆነ አምነሃል። ከጎኔ ተኝተህ። ጎሽ ስልህ እየሰማህ። ነገ ጧት ሬሳህን ላገኝ ነበር ማለት ነው፣ በአንተ ቤት!"

"ብነግርሽ ለሐኪሟ ትነግሪያታለሽ። ቁልፉ..."

"ቁልፉ!" ተነሳች። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ ቁጣው የእሱ፣ ማብረዱ የእሷ ነበር፤ የዚያን ቀን ተገለበጠ። "ቁልፉ ከእኔ በለጠብህ? ስንት ዓመት ነው እኔ በዚያ ደወል ስነሳ፣ በዚያ ደወል እራት ሳቀርብ፣ ማክሰኞና ዓርብ ከማማው እስክትወርድ በመስኮት ስቆጥር የኖርኩት? አንድ ቀን ለምኜህ አላወጣኸኝም፤ እሺ አልኩ። አሁን ደግሞ ሞትህንም ብቻህን ልትወጣው ነበር! እኔ የዚህ ቤት ምንድን ነኝ? ንገረኝ! ምንድን ነኝ?"

ደቂቃ ጎንበስ ብሎ የወረወረውን ደብተር አነሳ። እሷ ሽርጧን መልሳ አሰረችና በሩን ወርውራው ወጣች። ድመቷ እንኳ የዚያን ቀን አልተኛችም።

ማታ ስትመለስ እራት አቀረበች። ሲበሉ ቆዩና፣ "ሦስት ሳምንት ቀርቷል" አለች ወደ ሳህኗ እያየች። "ነገ ጧት ከሥራ በፊት እንጀምራለን። የምቆጥረው እኔ ነኝ።"

"ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነን፤ ሃያ ደቂቃ ነው የሚለው..."

"አሥር። ከመጀመሪያው።"

በማግስቱ አራተኛው ደቂቃ ላይ መቶ ሃያ አንድ ገባና ጉልበቱ ተልፈሰፈሰ። እግሩን ተቆጣ፣ የሲሚንቶ ደረጃዋን ተቆጣ፣ "ፍጥነትህን ቀንስ" ያለችውን ሚስቱን ተቆጣ። እሷ አንጓውን ይዛ ቆመች። "ተቆጣ፣ ይጨምርልሃል" አለችው። እውነትም ይጨምር ነበር፤ በተቆጣ ቁጥር አምስት ስድስት ምት ከፍ ይላል፣ እሷም ቁጥሩን ጮክ ብላ ትነግረዋለች። በዕድሜው ቁጣውን በቁጥር የነገረው ሰው አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጠው፤ ደግነት መጥቶለት ሳይሆን ዓምዱ እንዳይበላሽበት ነው።

እርምጃውን እንዲያስተካክል ብላ አብራው ደረጃዋን ትወጣና ትወርድ ጀመር። እኩል እኩል፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ጓሮው በር ላይ። አይነጋገሩም፤ ኩርፊያው ገና አልበረደም። በሦስተኛው ሳምንት አሥራ አምስት ደቂቃ ሠርቶ መቶ አሥራ ሁለት ሆነ፤ የላስቲክ ጫማው ሶልም ጠቆረ።

በፈተናው ቀን ሐኪሟ ደረጃ አስወጣችው፣ አስወረደችው፣ መዘገበች። ሚስቱ በክርኗ ጎሸም ስታደርገው የቱቦውን ነገር ተናገረ። ሐኪሟ ሳቅ እንዳያመልጣት አፏን ያዘች፤ "ከመቶ በላይ ከሆነ ወደ እኔ ይምጡ" የሚለውን ትእዛዝ ለምን እንዳልፈጸመ ስትሰማ ግን ሳቋ ጠፋና በደንብ አድርጋ ተቆጣችው። "ስምንት ሳምንት ሠርተው ቢሆን ሙሉ ወረቀት እጽፍልዎት ነበር። የሠሩት ሦስት ነው። ስለዚህ ለሁለት ወር፦ ይወጣሉ፤ ግን በየማረፊያው ምትዎ እየተቆጠረ፣ ከመቶ ሠላሳ ካለፈ ተቀምጠው፣ ብቻዎን ሳይሆኑ።" ጻፈችው፣ ማኅተም አደረገችበት።

ኃላፊው ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ቀዳዳ ሲፈልግ ቆይቶ አጣ። "ብቻቸውን ሳይሆኑ ይላል" አለ በመጨረሻ። "እንግዲያው ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አብሮዎት..."

"አይሆንም" አለ ደቂቃ። "እሷ ናት የምትወጣው።"

ኃላፊው በር ላይ ሽርጥ ታጥቃ የቆመችውን ሴት አየ። "እሳቸው ሰዓት ያውቃሉ?"

"ቆጠራ ታውቃለች" አለ ደቂቃ። "ከእኔ ትሻላለች።" ይህን ሲል ኃላፊውን የሚገድለው ይመስል ነበር። ሚስቱ ወደ መሬት አየች። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ተገፋለት።

ዓርብ ነበር። ማማው ሥር ሲደርሱ የኪስ ሰዓቱን አወጣ፤ ለቀትር ሰባት ደቂቃ ቀርቶታል። ሠራተኛው ከዳቦ ቤቱ ቁጣ ወዲህ ቀን ሳያሳልፍ ስለሚሞላው ያ ከላይ ያለው አልባሰበትም፤ ግን አሁንም አራት ደቂቃ ዘግይቷል። በሰባቱ ደቂቃ ውስጥ ወጥቶ፣ መርፌውን አስተካክሎ፣ ሳይዘገይ ቢያስደውለው! በዳቦ ቤቱ ሰልፍ ፊት ምሏል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቁልፉን ስላስረከበ ደስ ብሎት ከዘበኛው ጋር አደባባዩ ላይ ቆሟል፤ ዳቦ ያቀፉ ሦስት አራት ሰዎችም ቆመው ወደ ላይ ያያሉ።

የመጀመሪያው ማረፊያ፣ መቶ አራት። ሁለተኛው፣ መቶ አሥራ አንድ። ሚስቱ ግማሽ ደቂቃ ሳትሰርቅ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች፤ እሱ በየማረፊያው ይቁነጠነጣል። ከሦስተኛው በኋላ እግሩ ፈጠነ። "ቀስ" አለችው ከኋላው። አልሰማም። አራተኛው ማረፊያ ላይ ሲደርስ ከላይ የሰዓቱ ድምፅ ይሰማ ጀመር፣ ከባድና የታወቀ፤ ሃያ ስምንት ደረጃ ቀርቷል። ጊዜው ገና አላለፈም። ይደርሳል።

አንጓውን ያዘችው። ቆጠረች። "መቶ ሠላሳ አራት። ተቀመጥ።"

"ሃያ ስምንት ደረጃ ነው የቀረው!"

"ተቀመጥ።"

"ሊደወል ነው! ምያለሁ እኮ! ሰው ሁሉ ታች ቆሟል፣ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?"

እሷ አልጮኸችም። እጁን እንደያዘች ቆማ አየችው። ያን ቀን የጠየቀችውና ያልመለሰላት ጥያቄ አሁንም ፊቷ ላይ ነበር።

ደቂቃ ወደ ላይ አየ፣ ወደ እሷ አየ። ከዚያ በቁጣ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እየተራገመ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እሷም ከጎኑ ተቀመጠች፤ ጣቷን ከአንጓው አላነሳችም። ከራሳቸው በላይ መዶሻው ተነሳና የቀትሩን ደወል መታ፣ አራት ደቂቃ ዘግይቶ። አንድ በአንድ ሁሉንም ሰማው። ከታች ሰው ሲስቅ፣ አንዱም "ደቂቃ ወጥቶም ዘገየ!" ሲል ይሰማል። ሊነሳ ቃጣው፤ ጣቶቿ ጠበቅ አሉ፣ አልተነሳም።

ደወሉ ሲያበቃ "ስንት ሆነ?" አላት።

"መቶ ሃያ ሁለት። ገና ነው።"

"እሺ" አለ ደቂቃ። "ቁጠሪ።"